የመንግሥት ነዳይ

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት ዓይነት ድሃ ነበረው። አንደኛውን ይወደዋል፤ ይሄኛው በቤተ ክርስቲያን በር ተቀምጦ ስለ ማርያም ይላል፣ ሲሰጡት ይመርቃል። ሁለተኛውን አይወደውም፤ ያኛው ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ በመንግሥት ሴፍቲኔት ታቅፎ አስፋልት ይጠርጋል፣ ወር ሲደርስ ይከፈለዋል፣ ማንንም አይመርቅም። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ጠራጊዎቹን ሲያይ «መንግሥት ስንፍናን በደመወዝ ቀጠረው» ይል ነበር፤ ደንበኞቹም ይስቁለታል። ቀልድ ይችልበታል። ቁጠባ ግን አልቻለበትም።

የስፌት መኪናውን በሕመሙ ጊዜ ሸጥነው። ሲሞት የቀረልኝ ቀልዱ ብቻ ሆነ፤ በቀልድ ደግሞ ጤፍ አይሸመትም። ተመዘገብሁና ሰደርያውን ለበስሁ።

የደረሰኝ መንገድ ባሌ እሑድ እሑድ የሚመጸውትበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያለው ነው። እዚያ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ አሉ፤ ባሌ ሳይሰጣቸው አያልፍም ነበር። እኔ ስጠርግ ግን እግራቸውን እንኳ ሰብሰብ አያደርጉልኝም፤ እንደ ድንጋይ ዞሬያቸው እጠርጋለሁ። ከማዶ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮም እኔ እንድሰማ ለደንበኛቸው «እኛ ግብር እንከፍላለን፣ እነሱ አቧራ ያዟዙራሉ» ይላሉ። የደብረ ታቦር ነፋስ የጠረግሁትን ስለሚመልሰው፣ እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

የባሌ ሙት ዓመት ደረሰ። ድግስ አልቻልሁም። ነዳያን በልተው ነፍስ ይማር እንዲሉለት ድፎ ዳቦ ጋገርሁና እሑድ ቅዳሴ ሊወጣ ሲል ወደዚያው በር ሄድሁ። ሰውዬው ብዙ ተናግሮ ነው የሄደው፤ ጸሎት ያስፈልገዋል።

እማሆይ ዳቦውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የማን ነው?»

«የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው፣ እማሆይ። ያውቁታል፤ ልብስ ሰፊው።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ፤ እጁ ለጋስ ነበር። አንቺ ግን አርብ ዕለት አቧራ ያጎረስሽኝ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው አልቀበልም። እኔ የማርያም ነዳይ ነኝ፣ አንቺ የመንግሥት። ነዳይ ከነዳይ ምጽዋት ተቀበለ ሲባል ሰምተሻል?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ዓይነ ስውር ሽማግሌ አፍንጫቸውን ወደ ዳቦው አዞሩ። «እማሆይ፣ ትኩስ ነው። ክርክሩ ይቆይና ይቆረስ።»

«እርስዎ ለሆድዎ ነው የሚያስቡት።»

«ለምን የተቀመጥሁ መስሎዎት ነው?»

ነዳያኑ ሳቁ። እማሆይ እምቢ ካሉ ግን ሌላው እጁን አይዘረጋም፤ በሩ የሳቸው ነው። ዳቦውን ይዤ ከተመለስሁ ደግሞ ለባሌ የማደርግለት ሌላ ነገር የለኝም።

«ምን ላድርግ?» አልኋቸው።

«ቆመሽ አትስጪኝ። ተቀመጪና አብረን እንብላ። ያኔ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ማዕድ ይሆናል።» ጆንያቸውን ዘርጋ አደረጉልኝ።

ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ ቅዳሴ ወጣ። የሱቋ ወይዘሮ መጡ። የሐዘን ልብሴን እንጂ ፊቴን አላዩም። ጭኔ ላይ ብር አኖሩና ከንፈራቸውን መጥጠው «አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ያስብሽ» አሉኝ። ድምፃቸው እንዲህ የሚለሰልስ አይመስለኝም ነበር። ለካ ደግ ሴት ናቸው፤ የቆመ ድሃ ብቻ ነው የማይስማማቸው።

ብሩን ለእማሆይ ላቀብል ስል እጄን መለሱት። «ያዢው፤ የመቀመጫው ነው። ደሞም ጥሩ ተቀምጠሻል።»

ከዚያ ዳቦ በሞላው አፋቸው «ነፍስ ይማር» አሉለት፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። እኔ መካከላቸው ሆኜ አሜን አልሁ። ባሌ እዚያ ቢያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ እርግጥ ከዋጠችው ዓመቷ ነው። የሚቆጨኝ ይሄን ታሪክ አለመስማቱ ነው። ከኔ አሳምሮ ያወራው ነበር።

ሰኞ መጥረጊያዬን ይዤ ስደርስ እማሆይ እግራቸውን ሰበሰቡልኝ። ወይዘሮዋ ከማዶ ስለ ግብራቸው ጀመሩ። ብራቸው ሰደርያዬ ኪስ ውስጥ ነበር።