ጥላ ሥር የተሰቀለ ሶላር

ቤታችንን ስንሠራ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ከመንገድ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነበር። እኔ የምጨነቀው ውስጡ ሆኖ መተንፈስ ይቻል እንደሆነ ነበር። ነገር ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ታናሿ ልጄ አስም አለባት። ሲነሳባት ደረቷ ያፏጫል። ያኔ መድኃኒቱን እንደ ጭጋግ የሚያደርግ ትንሽ ማሽን አለን፤ ጭንብሉን አፍና አፍንጫዋ ላይ እናደርግላታለን፤ ቀስ በቀስ ይለቃታል። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ እልል እንላለን፣ ሲሄድ አይሰናበትም።

ስለዚህ ባለቤቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። "ሴራሚኩም፣ የበሩ ቀለምም እንደፈለግህ ይሁን። ለልጅቷ ማሽን ሶላር አስገባልኝ።"

"ሶላር ብቻ? ሶላርማ ይገባል!" አለ።

በዚህ አላበቃም እንጂ ጥሩ መልስ ነበር። ባለቤቴ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሐይቅ ዳር ምሳ በበላ ቁጥር አዲስ ሐሳብ ይዞ መመለሱ ነው። አንድ ሆቴል ፊቱን በሙሉ በሰማያዊ መስታወት ሸፍኖ አይቶ ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሆቴል እንዲመስል ተፈረደበት።

የቤቱን ዲዛይን የሠራልን ወጣት ኢንጂነር ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየን። በሥዕሉ ላይ ቤታችን ፊት ለፊት ዘንባባ ተተክሏል፤ አንዲት ቀጭን ሴት ነጭ ውሻ እየሳበች ታልፋለች። ዘንባባም ውሻም የለንም፤ ቀጭንም አይደለሁም። ከላይ፣ የቤቱ ግንባር ላይ፣ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል።

"ይኸ መስታወት ነው?" አልኩት።

"ሶላር ነው እናቴ። ድሮ ሶላርን ቤት ላይ ይጭኑ ነበር። አሁን ሶላሩ ራሱ የቤቱ አካል ይሆናል።"

ሐሳቡ ደስ አለኝ፤ እውነት ለመናገር አሁንም ደስ ይለኛል። "ታዲያ ለምን ጣሪያው ላይ አይሆንም?" አልኩ።

ባለቤቴ አዘነልኝ። "ጣሪያ ላይማ ማን ያየዋል?"

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። የጎረቤቶቻችንም ቆርቆሮ ነው። ግን በእኛ ሰፈር ቆርቆሮ እንዳለው የሚያምን ቤት የለም። ከፊት ለፊት ከፍ ያለ ግንብ ይሠራና ቆርቆሮው ከኋላው ይደበቃል፤ ፓራፔት ይሉታል። ጎረቤት ፓራፔቱን ከፍ ካደረገ የእኛ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ጎረቤት ይጨምራል። ቤቶቹ ከፊት ሲታዩ ፎቅ ናቸው፤ ከጎን ሲታዩ ግን የራሳቸው ያልሆነ ኮፍያ ያጠለቁ ይመስላሉ። ሶላሩ እንግዲህ እዚህ ፓራፔት ላይ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አድርጎ ሊለጠፍ ነው።

እኔ ትምህርቴን ገና ልጅ ሳለሁ አቁሜ ያገባሁ ሰው ነኝ። ላፕቶፕ ከያዘ ሰው ጋር አልከራከርም። መጨነቅ ግን ማንም አይከለክለኝም። "ቢወድቅስ? ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ። እሳት ቢያስነሳስ? ዝናብ ቢመታውስ? ደግሞ እዚያ ቆሞ ፀሐይ ያገኘዋል ወይ? ፀሐይ የምታልፈው በአናታችን ነው፤ እሱ የሚያየው መንገዱን ነው።"

"እናቴ፣ የአሁኑ የሚሠራው በብርሃን ነው፣ የግድ ፀሐይ አይፈልግም" አለ ኢንጂነሩ።

ባለቤቴ ግን ካነሳሁት ጭንቀት ሁሉ አንዱን መርጦ ያዘ። "ዝናቡን ልክ ብላለች። ይኸን የመሰለ ዕቃ እንዴት ዝናብ ላይ ይሰጣል?"

ይኼ የእሱ ጠባይ ነው። ሶፋችን ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፤ በሙቀት ቀን እንግዳ ሲነሳ ላስቲኩ አብሮት ይነሳል። ኢንጂነሩም ሰው ማስደሰት ይወዳል። ወዲያው ከሶላሩ በላይ ወደ ውጭ የወጣ የኮንክሪት ጥላ ሣለ። ተገነባም። እንዲህ አድርገን ፀሐይ የሚሰበስበውን ዕቃ፣ በእንክብካቤ፣ በብዙ ሲሚንቶ፣ ጥላ ሥር አስቀመጥነው።

ማማሩ ግን ማማር ነው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ባለቤቴ ከጥላው ሥር ዳር ዳሩን አምፖል አስደረደረ፤ ምሽት ምሽት ሶላሩ ባትሪ ውስጥ ባጠራቀመው ኃይል ሰማያዊ ይበራል።

"የልጅቷን ባትሪ እየጨረስከው ነው" አልኩት።

"ካልበራ ሶላር እንዳለን በምን ይታወቃል?"

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት በዝናብ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ። መብራት የለም። አልደነገጥኩም፤ ይኸ ሁሉ ግንባታ ለዚህች ሰዓት አይደል? ጭንብሉን አደረግኩላት፤ ማሽኑን ሶላሩ ላይ ሰካሁ። ትንሽ አጉረመረመና ቀጥ አለ። ከልጄ ቀድሞ እሱ ትንፋሽ አጠረው።

ባለቤቴ ለምሳ መጥቶ ዝናቡ ይዞት ቤት ነበር። እየሮጠ መጣና ቁልፉን ተጫነ። እንደገና ተጫነ። ባትሪው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። "ትናንት ማታ ይሠራ ነበር እኮ!" አለ።

"አዎ፣ ለመንገዱ ይሠራ ነበር" አልኩት። የልጄ ከንፈር ቀለሙ መለወጥ ጀምሯል።

ነጠላዬን ጠቅልዬባት ወጣን። ባጃጅ አስቁመን ወደ ጤና ጣቢያ አልን። ሹፌሩ ሊያጽናናን ፈለገ መሰለኝ፣ "አይዞሽ እናቴ፣ ቅርብ ነው" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ባለቤቴን፣ "ፋዘር፣ የወጣችሁበት ቤት የእናንተ ነው? ያ ሰማያዊ መስታወት ያለው? ማታ ማታ እሱን ለማየት ብዬ ነው በዚህ የማልፈው" አለው።

ልጄ ጭኔ ላይ ሆና አየር ትጎትታለች። ስለ ቤቱ ሰው ሲያወራ ባለቤቴ፣ "ተወውና ንዳ!" ሲል ያን ቀን ገና ሰማሁ።

ጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ነበረው። ነርሷ ምንም ሳትጠይቅ ጭንብል አደረገችላት፤ ቆይቶ ፉጨቱ ላላ፣ የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ። ባለቤቴ እግሯን ይዞ ተቀምጧል። እዚያው ሆኖ ስልኩን አወጣና ኢንጂነሩ ጋ ደወለ።

"ጥላውንም ፓራፔቱንም አፍርስልኝ። ሶላሩ ጣሪያ ላይ ይውጣ።"

የኢንጂነሩ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል። "እንዴ ጋሼ! ኤሌቬሽኑ ይሞታል!" ኤሌቬሽን የሚሉት የቤቱን ፊት ነው።

ስልኩን ተቀበልኩት። "ይሙት ልጄ" አልኩት። "እኛ ሰው እንዳይሞትብን ነው።"

ኢንጂነሩ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ግን ሥራውን አሳምሮ ሠራው፤ ይኸን አልነፍገውም። ከቆርቆሮው ጋር አስተኝቶ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ የመኝታ ቤቱን ጣሪያ በሙሉ በሶላር ሸፈነው፤ ክፍሉ እንኳ እንደ በፊቱ አይሞቅም። አሁን በእውነት የቤቱ አካል ሆነ፤ ማንም አያየውም። ከመንገድ የሚታየው ቆርቆሮና የፈረሰው ግንብ ጠባሳ ነው። የባለቤቴ ዘመዶች ሲመጡ ቀና ብለው፣ "ገና አላለቀም እንዴ?" ይላሉ። "አልቋል" ይላል፣ ወደ ሌላ ጨዋታ እየተሻገረ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተነሳባት፤ መብራት እንደ ልማዱ የለም። ማሽኑን ሰካሁት፤ ማጉረምረሙን ያዘ፣ አላቋረጠም። ባለቤቴ ሱቁን ለሰው ትቶ በባጃጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የማሽኑን ድምፅ እንደ ዜና ያዳምጣል። ልጄ ጭንብሉን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ቴሌቪዥኑን አብራልኝ" አለች።

እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ። "ንካና እንተያያለን!" አልኩት። እጁን ሰበሰበ፤ እሷም ጭንብሏን መለሰች። ሦስታችንም መድኃኒቱ እስኪያልቅ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያየን ተቀመጥን።