አያ ታረቀኝ ያልለቀቁት እግር

ጥቅምት ገብቶ ነበር። ዝናቡ አቁሞ፣ መሬቱ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥር ግን ገና እንደ ሊጥ የሚይዝበት ሰሞን ነው። በቆሎው እሸትነቱ አልፎ አገዳው ላይ እየደረቀ ነው፤ አጨዳው ደግሞ አልደረሰም። ገበሬ እንደዚያ ሰሞን እንቅልፍ የሚያጣበት ጊዜ እንደሌለ እናንተም ታውቃላችሁ። ከቡሬ በታች ወደ ዓባይ በሚያወርደው ቆላ አንድ ትልቅ ከርከሮ ማሳ ከማሳ እያዳረሰ ነበር። በቆሎውን መብላቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። በዚያው ሳምንት ማሳዋን ልትጠብቅ የወጣች ጎረቤታችንን ጭኗን ዘንጥሎ ጣላት። ከዚያ በኋላ ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው ጠፋ።

ለአደን የወጣነው ሦስት ሆነን ነው። አንዱ እኔ። ሁለተኛው የሚስቴ ወንድም ሙሉጌታ፤ ሲሮጥ የሚደርስበት፣ ሲናደድ የሚመልሰው የሌለ ሰው። ሦስተኛው አያ ታረቀኝ ናቸው። እሳቸውን እናንተ የምታውቋቸው በስተርጅና ነው። ያኔ ስልሳን ተሻግረው እንኳ ዱካ የሚያነቡልን እሳቸው ነበሩ። ከአደኑ ይልቅ ግን ስማቸው የተጠራው በወጌሻነታቸው ነው። እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀ፣ በሬ የረገጠው ሰው ከጅጋ ሳይቀር ደጃቸው ይመጣ ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ከሥር ያለውን አጥንት የሚያይ ይመስል ነበር።

ጠመንጃ አልያዝንም። ለየራሳችን አንዳንድ ጦር፣ አንድ ገጀራ፣ ሁለት ውሾች፣ አንድ ኮዳ ውኃ። እኔና ሙሉጌታ ቆሎ ቋጥረናል፤ አያ ታረቀኝ ጽጌን ስለሚጾሙ ምንም አልቀመሱም። እኔ ያደረግሁት ወንድሜ ከከተማ የላከልኝን ሸራ ጫማ ነው። ሰፋ ስላለኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሼበታለሁ። አያ ታረቀኝ ደጃፌ ላይ ቆመው አዩት።

«ይህ ጫማ ተረከዝህን አልያዘውም» አሉኝ። «ግባና ቀይረህ ና።»

«አያ፣ ላስቲክ ጫማዬ ጠዋት ጠዋት በጤዛ ያንሸራትተኛል» ብዬ ሳቅሁ። ሁለተኛ አልተናገሩም። የሚሰማቸው ባይኖርም አንድ ጊዜ ብቻ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

ዱካውን ያገኘነው ፀሐይ ፈንጠቅ ስትል ነው። የፊቱ ሰኮና ለሁለት ከፈት ብሏል፤ ከኋላው ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ጭቃው ውስጥ ጠልቀዋል። አያ ታረቀኝ ጎንበስ ብለው በስንዝር ለኩት። «ከባድ ነው። ሲሄድም አልቸኮለም፤ ጠግቧል» አሉ። ወረድ ብሎ አንድ ግራር ግንዱ ላይ ጭቃ ተለቅልቋል፤ ሲታከክበት የተወው ነው። ጭቃው ከጉልበቴ በላይ ነበር፣ ገና አልደረቀም። ሙሉጌታ ከመቀነቱ ጫፍ ቋጥሮ ካመጣው አመድ ቆንጠር አድርጎ በተነ። ነፋሱ ወደ እኛ ነው። ያ ጥሩ ነበር።

ከርከሮው የገባው ከወንዙ ዳር ካለ የቀጋና የአጋም ጥሻ ውስጥ ነው። ተመካከርን። ሙሉጌታ ከውሾቹ ጋር ከላይ ይገባል፣ እኔ ከታች መውጫው ላይ እቆማለሁ፣ አያ ታረቀኝ ከጎን ጉብታው ላይ ሆነው ያያሉ። «ከቦታው የሚነሳ የለም» አሉን። «ቢያመልጥ ያምልጥ፤ ነገም ቀን ነው።»

ውሾቹ ገብተው ብዙም አልቆዩም። ጩኸታቸው ተለወጠ። ቁጥቋጦው ሲሰበር፣ ሙሉጌታ «ያዘው!» ሲል ሰማሁ። ጦሩን ወርውሮ ትከሻው ላይ ሰክቶታል፤ ግን አልጠለቀም፣ ከርከሮው አራግፎት ሮጠ። የወጣው በእኔ በኩል አይደለም። ወደ ታች፣ ቁልቁል ነው የተፈተለከው። ደሙን አየሁ። ደም ሳይ ደግሞ የተባልሁትን ረሳሁ። ሰፊው ጫማ ተረከዜን ልጦት ነበርና እያነከስሁ ልቀድመው ቁልቁለቱን ተያያዝሁት።

ሣሩ እስከ ጉልበቴ ድረስ ነው፤ መሬቱን አላይም። ቀኝ እግሬ ድንገት ሥር የሌለው ነገር ረገጠ። እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ፣ እኔ ግን አለፍሁ። የደረቀ የማሽላ አገዳ ጉልበት ላይ ሲሰብሩት የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ሰማሁ። ጦሬ ከእጄ ወጥቶ እየተንከባለለ ወንዙ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ሕመም አልተሰማኝም። ልነሳ ብዬ ስረግጥ ነው ዓይኔ የጨለመው። እንደገና ወደቅሁ። ሙሉጌታና ውሾቹ ከርከሮውን ተከትለው በማዶ ራቁ። አያ ታረቀኝ ከጉብታው ወርደው ደረሱ።

«አያ፣ ወለም ብሎኝ ነው» አልኋቸው። «ሳብ አድርገው ይጠፍሩልኝ፤ ልነሳ።»

ከእግሬ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጫማውን አልጎተቱም፤ ክሩን በቢላዋ በጥሰው እንደ በቆሎ ልጣጭ ከፈቱት። ቁርጭምጭሚቴ በዓይኔ እያየሁት ያብጣል። ጤነኛውን እግሬን ከጎኑ አስቀምጠው ሁለቱን አስተያዩ። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ» አሉ፤ አንቀሳቀስሁ። በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ነኩ። ከእግሬ ላይ ሁለት ጣታቸውን አሳርፈው የደም ትርታዬን አዳመጡ። በመጨረሻ ያን አውራ ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቱ ከኋላ በኩል አጥንቱ ላይ ጫን አደረጉት። እንደ ፍየል ጮኽሁ።

«ወለምታ ቢሆን ሥጋውን ነበር የሚያምህ» አሉ። «ያመመህ አጥንቱ ነው። ይህ የእኔ አይደለም፤ የሐኪም ቤት ነው።»

ተናደድሁ። ከርከሮው ቆስሏል፣ ስልኬ ያ ገደል ውስጥ ኔትዎርክ አይዝም፣ እዚያ ተጋድሜ የምቀር መሰለኝ። «ያገሩን እግር ሁሉ ሲያቀኑ ኖረው የእኔ ላይ ሲደርስ ነው የማይሆነው? ይሳቡት እንጂ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ስቤ አውቃለሁ። እግሩ ጠቆረ። ሰውየው ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ባየኝ ቁጥር ሰላም ይለኛል።» እግሬን መልሼ ወደ እሳቸው ዘረጋሁት።

በገጀራው ሁለት ጠንካራ እንጨቶች ቆረጡ። ጋቢያቸውን ቀደዱና ከእግሬ ግራና ቀኝ እንደ ትራስ አደረጉት፣ እንጨቶቹን በላዩ ደገፉ። ከጉልበቴ በታች አሰሩ። ጣቶቼን አልሸፈኑም። «ከደነዘዘህ ወይም ከቀዘቀዘህ ንገረኝ፤ አላላዋለሁ።» የታችኛውን ማሰሪያ ሊጀምሩ ሲሉ የውሾቹ ድምፅ ተለወጠ። ሲርቅ የነበረው እየቀረበ መጣ።

አያ ታረቀኝ እጃቸው ቆመ። እግሬን የሰበረውን ጉድጓድ እኔም እሳቸውም አዋልደጌሳ ቆፍሮ የተወው መስሎን ነበር። አሁን አፉን አዩት። ጠርዙ ላይ እርጥብ ጭቃ አለ፤ ጭቃው ላይ ያ ለሁለት የተከፈለ ሰኮና።

«ቤቱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የተቀመጥነው ደጃፉ ላይ ነው።»

በብብቴ ሥር ይዘው ሊጎትቱኝ ሞከሩ። ከሁለት ክንድ በላይ አልሄድንም፤ እግሬ በተንጠለጠለ ቁጥር ውስጡ ሲፋጭ ይሰማኛል። ከማዶ ሣሩ መከፈል ጀመረ።

«አያ፣ እርስዎ ይሂዱ። ዛፍ ላይ ይውጡ!»

«ዝም በል» አሉኝ። ጦራቸውን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እግርህን እኔ እይዛለሁ፤ ጦሩን አንተ ያዝ። የጦሩን ቂጥ ከኋላህ ካለው ድንጋይ ላይ አስደግፈው። አጠገብህ ሳይደርስ አትወዝውዘው። በእግርህ ከተወራጨህ አጥንቱ ቆዳውን በጥሶ ይወጣል።» ተንበርክከው በሁለት እጃቸው፣ አንዱን ተረከዜ ሥር አንዱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርገው ያዙኝ። ጀርባቸውን ለከርከሮው ሰጥተው ነው የተንበረከኩት። ይህን ልብ በሉ። የሚመጣውን እኔ አያለሁ፤ እሳቸው የሚያዩት የእኔን ፊት ብቻ ነው።

ወጣ። ጅራቱን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ፣ ትከሻው በደም ተነክሮ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ። እኛን ሲያይ ቆመ። ትንፋሹን እሰማለሁ። ልቤ ከእሱ በላይ ይጮህ ነበር። እንዲያልፈን ለመንሁ፤ እመቤቴን ጠራሁ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

እንዴት እንደመጣ አላየሁም ብላችሁ ይቀላል። የጦሩን ጫፍ በአያ ታረቀኝ ትከሻ ጎን አሳልፌ የከርከሮው ደረት ላይ አነጣጠርሁ። ሲገባ ክንዴ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ድንጋዩ ያዘልኝ። ጦሩ ጎበጠ፣ ጎበጠና ከመሃል ተሰበረ፤ ከርከሮው በክብደቱ እየተንሸራተተ በጎናችን ወደቀ። እዚያም ወድቆ አንገቱን ይወረውር ነበር። ክራንቻው ሲያብለጨልጭ አየሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አያ ታረቀኝ «እምም» ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላ ድምፅ አላወጡም። ወዲያው ውሾቹ ደርሰው ከበቡት፤ ሙሉጌታም በመጣበት ፍጥነት በጦሩ ጨረሰው።

ዝም ሲል እግሬን አየሁት። ደም በደም ሆኗል። አጥንቱ የወጣ መስሎኝ ልጮህ ስል ነው ደሙ የእኔ አለመሆኑን ያወቅሁት። ክራንቻው የአያ ታረቀኝን ቀኝ እጅ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ከፍቶታል። ግራ እጃቸው ግን ተረከዜ ሥር እንዳለ ነው። ቀኙም ተቀደደ እንጂ ከቦታው አልተነሳም።

«ጣቶችህን አንቀሳቅስ» አሉኝ። አንቀሳቀስሁ። «ይሞቅሃል?» «ይሞቀኛል አያ።» ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያነሱትና ለሙሉጌታ «እሰርልኝ» ያሉት። የእግሬን የታችኛውን ማሰሪያም እሳቸው እያሳዩት እሱ ጨረሰው።

ሙሉጌታ ከቅርቡ ቤት በቅሎ ለመነ። እኔ እላይ፣ አያ ታረቀኝ በእግራቸው፤ እምቢ አሉ መፈናጠጡን። መንገዱን ሙሉ እግሬ ቁልቁል እንዳይንጠለጠል በሙሉጌታ ነጠላ ከበቅሎዋ አንገት ላይ አስረው አሳርፈውት ነበር። መኪና መንገድ ስንደርስ ያገኘነው ሚኒባስ ቡሬ አደረሰን፤ እዚያ የእሳቸውን ደም አቁመው ሁለታችንንም ወደ ፍኖተ ሰላም ሰደዱን። ራጅ ተነሳሁ። ቁርጭምጭሚቴ በሁለት በኩል ተሰብሯል። ወጣቱ ሐኪም ጨርቁንና እንጨቱን ሲፈታ ቆም አለና «ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው?» አለ። ወደ ጎን ጠቆምሁት። አግዳሚው ላይ እጃቸው ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ ሳይስቡት በመተውዎ ነው ያዳኑት» አላቸው። እኔ ጀሶ ታሰረልኝ፤ ከዚያ በምርኩዝ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ በእግሬ። የእሳቸው ጅማት ተሰፍቶ ቁስሉ ዳነ፤ አውራ ጣታቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጠንክሮ አልጨበጠም። አጥንት ማየቱን አቆመ።

ሰዎች ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ስለዚህ እኔ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርሁ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እዳስሳለሁ፣ የተሰማኝን እነግራቸዋለሁ። ወለምታ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እግርን ከፍ አድርጎ አሳርፎ መተኛት ነው። በዚያው ቀን በትኩስ ነገር ማሸት የለም፤ መርገጥ እስኪያስችል መቸኮል የለም። መርገጥ ፈጽሞ ካቃተው፣ አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ከጮኸ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ግን ሳይስቡ ደግፎ አስሮ ወደ ሐኪም። የተላጠ ተረከዝ ያለው ሰው ደግሞ ቁስሉ ሳይደርቅ አደን አይወጣም፤ የሚያነክስ ሰው የሚረግጠውን አያይም። የማውቀው ይህን ያህል ነው። እኔ ወጌሻ አይደለሁም።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «አያ፣ ያን ቀን እጅዎን ቢያነሱት ኖሮ ይተርፍ ነበር። አይቆጭዎትም?»

ጠባሳቸውን በግራ እጃቸው ዳሰስ አደረጉት። «ይቆጨኛል» አሉ። «እጄ ነዋ፤ እንዴት አይቆጨኝ?» ቀጥለውም «ግን ያን ቀን ብለቀው ኖሮ በዚህ እጅ የማንን እግር እይዝበት ነበር?» አሉኝ።

ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ሽቅብ ነው፤ ያን ቀንም ጭቃ ነበር። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሙሉጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እግርህን አሳርፈው፣ እኔ ልተካህ» አለኝ። እምቢ አልሁት። እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ በዚሁ እግሬ እየረገጥሁ አደረስኋቸው።