በእድሩ አዳራሽ ያጨበጨብንበት እሁድ

ሐሳቡን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ካየሁት ቪዲዮ ነው። በአንድ የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የሚኖሩ አዛውንቶች በጨለማ አዳራሽ ተቀምጠው የፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎቻቸውን፣ የጭስ ማውጫዎቻቸውንና የድሮ መንገዶቻቸውን በፎቶ ያያሉ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የከተማውን ታሪክ ይተርክላቸዋል። ቋንቋውን በግማሽ ነው የተረዳሁት። ግን ይሄ ነገር ለአርባ ምንጭም ይሆናል አልኩ። እኛም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለን፤ እዚያ ሲሠሩ ያረጁ ሰዎች አሉን፤ ሰዎቹ ደግሞ ሣጥናቸው ውስጥ ፎቶ አላቸው።

የሰፈራችን እድር በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ፈቀደልኝ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር እዋሳለሁ። የሰፈራችን የሲቀላ ፀሐይ እንዳያስቸግረን መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት እንጋርዳለን። ግድግዳው ስለተላላጠ የዶርዜ ጋቢ እንሰቅልበታለን። ሰዉ የሚቀመጥባቸው አግዳሚ ወንበሮች ሰው ሲሞት ወደ ለቅሶ ቤት የሚጫኑት ናቸው።

እንግሊዞቹ ዝም ብለው ያዩ ነበር። የእኛዎቹ አልቻሉም። ፎቶ በወጣ ቁጥር የሰውየውን ስም ይጠራሉ። በሕይወት ካለ ይጨበጨብለታል፤ "ዕድሜ ይስጠው!" ይባላል። ከሞተ ኦርቶዶክሶቹ "ነፍሱን ይማር" ይላሉ፤ ጴንጤዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይቆያሉ። ማንም ይህን ሥርዓት አላወጣም፤ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ ራሱ መጣ። እኔ በየመሃሉ የራሴን ስንኞች ስለማነብ፣ ጭብጨባው አንዳንዴ ለእኔ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ እሁድ ፕሮጀክተሩን ሳስተካክል አንድ መምህር እጄን ይዞ ወደ በሩ ሳበኝ። እናቱን አውቃቸዋለሁ። ከፋብሪካው ፈትል ክፍል ጡረታ የወጡ ናቸው። የወንድማቸውን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። "ታናሼ ነው፤ መካኒክ ነበር። አሁን ሐዋሳ ነው ያለው። ለመስቀል ሲመጣ እዚሁ አምጥቼ አሳየዋለሁ" ብለውኝ ነበር።

"አጎቴ አርፏል" አለኝ መምህሩ። "ሐሙስ እዚያው ሐዋሳ ተቀበረ።"

"እማማስ?"

"አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው። ነገ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ልናረዳት ነው። ሐኪም የሆነ ጎረቤትም ጠርተናል።"

"ታዲያ ለምን አመጣሃቸው?"

"እኔ መች አመጣኋት! ጎረቤቷ ይዛት መጣች። አሁን ተነሺ እንሂድ ብላት ትጠረጥራለች።"

"ፎቶውን ልዝለለው?"

"እሱን ልታይ አይደል እንዴ የመጣችው?"

ዞር ብዬ አየሁ። ከፊተኛው ወንበር ላይ፣ ባለ ጥለት ነጠላቸውን አሳምረው፣ ጋቢው ላይ ፎቶ የወጣ ያህል አፍጥጠው ተቀምጠዋል።

ጀመርኩ። መጀመሪያ የድሮው ገበያ፣ ቀጥሎ የኩልፎ ድልድይ፣ ከዚያ የፋብሪካው በር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መምህሩ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ጎንበስ እያለ ጆሮ ለጆሮ ሲያወራ አያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አፉን እንዲይዝ ነው። መርዶውን የሰማች አንዲት ሴት አምልጧት "ነፍሱን ይማር" ብትል አለቀ።

"አንተ ገጣሚ!" አሉኝ ከኋላ አንድ ጡረተኛ ሹፌር። እሳቸው ካልተረቡኝ ፕሮግራሙ የተጀመረ አይመስልም። "ዛሬ ከግጥምህ ማርከን? ወይስ እንደ ጓሮ ሙዝህ ግጥምህንም ፍየል በላብህ?"

ሰዉ ሳቀ። ወዲያው መምህሩ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አለ። ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ሹክሹክታው ከወንበር ወደ ወንበር ወደ ፊት መጣ። የሰማው ሁሉ ጀርባውን ያቀናል፣ እጁን ይሰበስባል። ሁለተኛው ወንበር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከፊት ከእማማ ጋር የነበረችው ጎረቤታቸው ብቻ ናት፤ እሷም ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ሰማች። ፎቶውን ወደ መጨረሻ ገፋሁት። መብራት በየእሁዱ ይጠፋብን ነበር፤ ስንቴ ተሳድቤያለሁ። ያን ቀን ግን አምላኬን እባክህ አጥፋው አልኩት። አልጠፋም።

"ልጄ፣ የእኔስ?" አሉ እማማ።

"ደርሷል እማማ።"

ቁልፉን ተጫንኩት።

ጋቢው ላይ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት ወጣ። ከፋብሪካው በር ፊት ቆሟል። ፀሐይ ስለመታው አንድ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። በሌላው እጁ መፍቻ ይዟል። እማማ ስሙን ጮክ ብለው ጠሩ፤ ከሌላው ሰው ለመቅደም የቸኮሉ ይመስሉ ነበር።

አዳራሹ አጨበጨበ። እንደዚያ ተጨብጭቦ አያውቅም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አጨበጨበ፤ ሹፌሩ ቆመው አጨበጨቡ፤ መምህሩ በሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አለፈ፣ አሁን ቀጥዬ ሌላ ፎቶ አወጣለሁ አልኩ በልቤ።

ጭብጨባው አበቃ። እማማ ግን ፈገግ እንዳሉ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። እጃችንን አዝዘነው አጨብጭቧል፤ አፋችን ግን እንቢ ብሎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለተቀበረ ሰው "ዕድሜ ይስጠው" ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ምነው? ዕድሜ ይስጠው የሚልልኝ ጠፋ?"

ከጎናቸው የተቀመጠችው ጎረቤታቸው መሬት መሬት አየች። እማማ በዓይናቸው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ በሩ ላይ የቆመው ልጃቸው ጋ ደረሱ። እሱም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"ሰሞኑን ስደውልለት ስልኩ እኮ አይነሳም" አሉ፤ ለራሳቸው የሚነግሩ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አገላበጡትና ጥለቱ ወደ ላይ አንገታቸው ጋ እንዲመጣ አድርገው፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት። መምህሩ ሮጦ መጥቶ ደገፋቸው፤ ሐኪሙን የሚጠራ ሰው ወጣ። ከኋላ አንዲት ሴት ለቅሶውን ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ወደ ቤት እንውሰድዎ ቢሏቸው እንቢ አሉ። የለቅሶው ወንበር እዚሁ አለ፤ ሰዉም ተቀምጧል። ላፕቶፑን ለመዝጋት እጄን ስዘረጋ አዩኝ።

"አታጥፋው ልጄ። ትንሽ ልየው።"

በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይገባና ጋቢው ይወዛወዛል፤ ወጣቱም አብሮ ይወዛወዛል፤ አንድ ዓይኑን እንደጨፈነ ይስቃል። ፕሮጀክተሩ በጣም ግሎ ነበር። እጄን ላዩ ላይ አድርጌ፣ አሁን መብራት እንዳይጠፋ እየለመንኩ አጠገቡ ቆምኩ።