ሥጋው የደረሳቸው ሰዎች

ከዱር እንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ማጥናት ሥራዬ ነው። ድሮ ሰው ሲጠይቀኝ በኩራት ነበር የምናገረው። ጋምቤላ ክልል፣ ጎግ ወረዳ ላይ ከሆነው ነገር ወዲህ ግን «የእንስሳት ሐኪም ነኝ» ብዬ አልፋለሁ።

ጎግ ውስጥ የሚያግዙኝ አንድ አዛውንት አዳኝ ነበሩ። አኝዋክ ናቸው፤ ጫካውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። በመጀመሪያው ዓመት፣ አዳኞች ከገደሉት እንስሳ ሁሉ ጠብታ ደም በወረቀት እያስነኩ ያመጡልኝ ነበር። ማን ምን እንደገደለ፣ ሥጋው ለማን ለማን እንደደረሰም አንድ በአንድ ይነግሩኛል። እዚያ ትልቅ እንስሳ የገደለ ሰው ብቻውን አይበላም፤ ሥጋው ቤት ለቤት ይዞራል።

«ስም አይወጣም» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ጋምቤላ ከተማ ተመልሼ ማራገቢያ ሥር ስቀመጥ ግን ሪፖርቱ የተሟላ እንዲመስልልኝ የስም ዝርዝሩን አባሪ አደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ «ሥራ ማለት ይሄ ነው» እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሕገወጥ አደን ከሚቆጣጠሩ ሰዎች እጅ ገባ። የአዛውንቱ የእህት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ከረመ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ደግሞ ይብሳል።

በዓመቱ ተመልሼ ስሄድ አዛውንቱ ሰላምታ አልነፈጉኝም። ወንበርም አወጡልኝ። ሚስታቸው ግን ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር፤ እንዲገልጡልኝ ለመንኳቸው። ቁስሉ መሀሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ያበጠ ነው። ሲነኩት አያምም። አባ ሰንጋ ነበር። ታሞ የሞተ እንስሳ ሥጋ ሲቆራርጡ በእጅ ይገባል። ሥጋውን የበላ ሰው ደግሞ ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይበት በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ኪኒኑ ቶሎ ከተዋጠ ግን ያድናል።

«ምን ሥጋ ነው የቆረጡት?» አልኩ።

«እሾህ ነው የወጋት» አሉ አዛውንቱ።

«አባቴ፣ ከሥጋው የበላ ሁሉ ዛሬውኑ ኪኒን መዋጥ አለበት። እነማን ናቸው?»

«ሥጋ የለም ዶክተር። እኛ ዓሣ ነው የምንበላ።»

ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ፣ በገዛ ደጃቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል ያገሬ ሰው፤ እባቡ ደግሞ እኔው ነበርኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ተከፍቷል፤ የአዛውንቱ ዓይን ከእሱ አልተነቀለም። ያኔ ገባኝ። ተነሥቼ መኪናው ውስጥ ወረወርኩትና ባዶ እጄን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አዛውንቱ መኪናውን አዩ፣ ባዶ እጄን አዩ።

«ጎሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ውሃ ዳር ሞቶ አገኘን። ኪኒን ለኔ ስጠኝ፤ እኔ አዞራለሁ። አንተ ስም አትጠይቅ።» በእሳቸው አማርኛ «እርስዎ» የሚባል የለም።

«ስንት ሰው በላ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሃያ ሦስት።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስሙ ላልተመዘገበ ሰው መድኃኒት አልሰጥም አለች። ትክክል ናት፤ እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር። ለመንኳት፤ በራሴ ኃላፊነት ፈረምኩ። ኪኒኑን የሚስታቸውን ለይታ፣ የሌሎቹን ለእያንዳንዱ ሰው በትንንሽ ላስቲክ ቋጠረችልኝ። አወሳሰዱን ለአዛውንቱ ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው፤ አንድም ሳይስቱ መልሰው ነገሩኝ። ከዚያ ሥጋው በሄደበት መንገድ ኪኒኑን ይዘው ሄዱ።

እኔ ከሚስታቸው ጋር ማንጎው ሥር ቀረሁ። ቋንቋ አያግባባንም። እሳቸው ኪኒናቸውን ውጠዋል፤ እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ተከትያቸው ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መጡ። እጄን ይዘው አንድ ያልተፈታ ላስቲክ መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«እምቢ ያለ ሰው አለ?» አልኩ።

«ትናንት ቀበሩ።»

«ማንን?» አምልጦኝ ነው።

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ደክሟቸዋል። ከዚያ የሚስታቸውን ክንድ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።