ጤፍ የጠበቀው በቆሎ

ሻሺቱ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የምትኖር፣ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት በአንድ ነገር ነው፤ እህል በጣሳ መግዛት አትወድም። ለምን ብሎ ለጠየቃት ሁሉ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ታስረዳ ነበር።

ማስረዳቱም ይገባዋል፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ረቂቅ ነው። ቸርቻሪ የሚያተርፈው ከዋጋው ብቻ ሳይሆን ከጣሳውም ጭምር ነው። የጣሳው ቂጥ ትንሽ ወደ ውስጥ ከተጎደጎደ፣ ወይም ሲሰፈር የነጋዴዋ አውራ ጣት ጣሳው ውስጥ ካረፈ፣ በየገበያው አንድ እፍኝ ይጎድላል። በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። በቆሎ በታኅሣሥ ከማሳ ሲገባ ይረክሳል፤ በሚያዝያና በግንቦት የገበሬው ጎተራ ሲራቆት ደግሞ ሰማይ ይነካል። እንግዲህ በታኅሣሥ በኩንታል ገዝቶ እስከ ክረምት የሚበላ ቤት ከጣሳውም ከወቅቱም ያመልጣል ማለት ነው።

የሚቀረው ጠላት ነቀዝ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ነው። ደጋ ላይ ብርዱ ነቀዝን ያደነዝዘዋል፤ እዚህ ሙቀቱ ያራባዋል። ሻሺቱ ይህን የተማረችው በ1987 ዓ.ም. ነበር። በታኅሣሥ የገዛችውን ኩንታል በቆሎ ከነማዳበሪያው ጓዳዋ ጥግ አቁማ፣ በመጋቢት እጇን ብትሰድበት እህሉ ይሞቃል። ፍሬው በመርፌ የተወጋ ይመስል ተበሳስቷል፤ ከማዳበሪያው ሥር ነጭ ዱቄት ተከምሯል። አብዛኛውን ለዶሮ በተነች። ከዚያ በኋላ እስከ ክረምት በዚያው በጠላችው ጣሳ ስትሸምት ከረመች። ልጆቿ ቁርስ ሳይቀምሱ ትምህርት ቤት የሄዱባቸው ሳምንታት ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የሟች ባሏ አጎት፣ የኦቾሎው ገበሬ ኦይታ፣ ለገበያ ወርደው ቤቷ አረፉ። ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ የተሰጣውን የነቀዘ በቆሎ ሲያዩ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ነቀዝ የምትቀልቢው ወተት ሊሰጥሽ ነው?» አሏት።

ሳቋን ስትጨርስ አስቀምጠው መከሯት። መጀመሪያ እህሉ መድረቅ አለበት። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማወቅ ይቻላል፤ በጨው ማወቅ ግን ይበልጥ ያስተማምናል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ከትቶ መነቅነቅ ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥበት አለው፤ ጨው ጠርሙሱን ከተወ ደርቋል።

ቀጥሎ ያሏት ነገር ግን ከሁሉም ያስገርማል። በቆሎውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለሽ አስቀምጪ አሏት። በበቆሎ ፍሬዎች መካከል ክፍተት አለ። ነቀዝ የሚመላለሰው፣ የሚገናኘው፣ ፍሬውን በስቶ እንቁላል የሚጥለው በዚያ ክፍተት ነው። ጤፍ ሲፈስበት መንገዱ ሁሉ ይደፈናል፤ ነቀዙ መዞሪያ ያጣል። ጤፉን ራሱን አይበላውም፤ ፍሬው እጅግ ከማነሱ የተነሳ ለመኖሪያ አይሆነውም። የሚበላበት ቀን ሲደርስ በወንፊት መንፋት ብቻ ነው፤ ጤፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ በቆሎው ከላይ ይቀራል።

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ሻሺቱ ግን ጤፍ በብዛት የምትገዛበት አቅም አልነበራት። ጤፍ የመግዛት አቅም የነበራት ሰብለ ናት።

የአጥር ጎረቤቷ ሰብለ ልጇን ሚስጥርን ከፋሲካ በኋላ ልትድር ነበር። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ለሰርጉ ጠላ አይጠመቅም፤ እንግዳ የሚያየውና የሚያወራው እንጀራውን ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 1988 ሁለቱ ሴቶች አብረው ምዕራብ ዓባያ ገበያ ሄዱ። ሻሺቱ አንድ ኩንታል በቆሎ፣ ሰብለ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ገዝተው እህሉን የጫነላቸውን የአይሱዙ መኪና ኪራይ ተካፈሉ። ለብቻዋ ቢሆን ሻሺቱ የመጓጓዣውን አትችለውም ነበር። የሰብለ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ጤፉ ሻሺቱ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ስለ መቀላቀሉ ግን ሻሺቱ ትንፍሽ አላለችም። በከተማው ጤፍን ከበቆሎ ጋር የሚቀላቅል ሰው ስሙ አንድ ነው፤ አጭበርባሪ።

ጨው ጠርሙሱን እስኪተው ድረስ በቆሎውን አሰጣችው፤ ጠርሙሱን ስትነቀንቅ ሰብለ በአጥሩ በኩል ታያት ነበር። ከዚያም በጸዳ በርሜል ውስጥ በቆሎ አፍስሳ ጤፍ፣ እንደገና በቆሎ አፍስሳ ጤፍ እያደረገች፣ የበርሜሉን ጎን በእጇ እየመታች ሞላችው። እዚህ ላይ ዓይንን የሚይዝ ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ጤፍ ሲጨመር የእህሉ ከፍታ እምብዛም አይጨምርም። ጤፉ ባዶ የነበረውን ቦታ ብቻ ይሞላል። ሻሺቱ ይህን ስታይ ብቻዋን እየሳቀች ክዳኑን በላስቲክ አጠበቀችው።

ሰርጉ ሲቃረብ ሰብለ ጤፏን ልታስፈጭ መጣች። ሻሺቱ ፋብሪካ ነበረች፤ ቁልፉ ግን ቤት እንድትጠብቅ ለሰብለ የተተወ ነው። በርሜሉን ከፈተች። ሻሺቱ ከሥራ ስትመለስ ሰብለን በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ጤፌ የት አለ?»

«በቆሎው ውስጥ ነው።»

«እሱንማ አየሁት። ወፍጮ ቤት በቆሎ ይቀላቅላሉ ብለሽ ስትሰድቢያቸው የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሻሺቱ ሸራውን አነጠፈች፤ ወንፊቱን አወረደች። የመጀመሪያውን ስትነፋ ጤፉ እንደ ውሃ ወረደ፤ ከላይ የቀረው በቆሎ አንድም ቀዳዳ የለውም። ሰብለ ተነስታ ፍሬውን በጣቷ አገላበጠች፤ ከዚያ ሰፌድ ይዛ ተቀመጠች። ጤፉ ከበቆሎ ስብርባሪ ጋር ስለሚወርድ እንደገና ማንፈስ ይፈልጋል። እስኪመሽ ድረስ አንዷ እየነፋች አንዷ እያነፈሰች ሠሩ። ሲሰፈር ጥቂት ጎደለ፤ ሻሺቱ ለቤቷ ከያዘችው ጤፍ አሟላች።

«ጤፉ ደህና ነው» አለች ሰብለ የማዳበሪያውን አፍ እያሰረች። «ብትነግሪኝ ግን ምን ነበረበት?»

«እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።»

«እምቢ እል ነበር።»

ጤፏን አስጭና ሄደች።

የሰርጉ እንጀራ አማረ። ሻሺቱ እንደ ጎረቤት ወግ ስትሠራ ዋለች፤ ሰብለ ግን ከሥራ ትእዛዝ በቀር አላነጋገረቻትም። በቆሎው እስከ ክረምት በቃ፤ በግንቦት ገበያው ሲወደድ የሻሺቱ ልጆች ቁርስ በልተው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። እሷን ያስጨነቃት የሚመጣው ዓመት ነው። ያለ ሰብለ የአይሱዙው ኪራይም ጤፉም የለም፤ ተመልሶ ጣሳ ነው። ኅዳር አለቀ፤ ስለ ምዕራብ ዓባያ ማንም አላነሳም። ሻሺቱ አቅሟ የፈቀደውን ግማሽ ኩንታል በቆሎ እዚያው ከተማው ገዝታ ግቢዋ ውስጥ አሰጣች።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሰብለ በአጥሩ በር ገባች። ከኋላዋ ተሸካሚ ጤፍ ይዟል፤ በእጇ የራሷ ወንፊት አለ።

«ጣሪያዬን አልሠራሁትም» አለች። «ዘንድሮ ግን ጤፉን የማፈሰው እኔ ነኝ።»

ሻሺቱ በርሜሉን ለመጥረግ ስትነሳ ሰብለ ጠርሙሱንና ጨዉን አምጪ አለቻት። ከሸራው ላይ በቆሎ ቆንጥራ ከጨው ጋር ከተተችና ነቀነቀችው፤ ወደ ፀሐይ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጨው ጠርሙሱ ላይ በስሱ ተለጥፏል።

«ገና ነው» አለች። «መልሰሽ አስጪው።»

ሻሺቱ ጎንበስ ብላ በቆሎውን በሸራው ላይ መበተን ጀመረች።