አልጋ ሥር የተገኘው ሣር

«ታዲያ ሣሩ በራሱ በቀለ ነው የምትለኝ?»

«በራሱ ነው ጋሼ። ደግሞ የተከላችሁት እናንተው ናችሁ።»

ጋሼ የምላቸው የእህቴ ባል ናቸው፤ አሰላ ስኖር የተጠጋሁት እነሱ ቤት ነበር። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበሩ። ከከተማው በታች ካለው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ፣ ከብቱን አልቅት የሚያስይዘው የውሃው ሣር ነው ተብሎ፣ ሣሩ በዘመቻ ተነቀለ። ክረምቱ ሳይወጣ ከበፊቱ ብሶ በቀለ። ቀበሌው ሳይተከል የሚበቅል ነገር ስለማይዋጥለት አሻጥረኛ ይፈልግ ጀመር። ያን ቀን ጋሼ አልጋዬ ሥር፣ ነጭ ሳፋ ውስጥ፣ ላጠናው ያስቀመጥኩትን ያንኑ ሣር አገኙ።

ዘማቹ ሲጎትተው እየተቆራረጠ እንደሚቀር፣ እያንዳንዱ ቁራጭም ጭቃው ላይ ሥር እንደሚሰድድ አስረዳሁ። ሳፋዬ ውስጥ ያለውም ሥር ሰድዶ ነበር። ይህ አልጠቀመኝም።

«ስንኝህ ቤት አልመታ ሲል ችግኝ ታፈላ ጀመር?» አሉ፤ ግጥም እንደምሞክር ያውቃሉ።

አልጋ ሥር እንዲያዩ ማን ነገራቸው? እህቴ በሩ አጠገብ ምስር ትለቅማለች። የለቀመችውን መልሳ ትለቅም ነበር።

ሳፋውን ወደ መስኮቱ ስቤ አንድ ዘለላ አራገፍኩ። ከምስር የማይበልጡ ቀንድ አውጣዎች፣ በጀርባቸው ተንጋልለው የሚቀዝፉ ነፍሳት፣ ገና ክንፍ ያላወጣ የውሃ ተርብ ነጩ ላይ ተበተኑ። ቀንድ አውጣዎቹ የሚግጡት ቅጠሉን ሳይሆን በላዩ የሚያድረውን አረንጓዴ ልጋግ መሆኑን፣ ተርቡም ቅርንጫፍ መሐል አድፍጦ ሌሎቹን ይዞ እንደሚበላ ነገርኳቸው። ሣሩ ተነቅሎ ገና ካልበቀለበት በኩል የቀዳሁት ውሃ ግን ትል እንኳ እምብዛም አልነበረበትም። ከማሳው ማዳበሪያ፣ ከከብቱ እበት ታጥቦ የሚገባውን የሚካፈለው ሣር ጠፍቶ፣ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

«ዳክዬ ሲመጣባቸውስ?» አሉ ጎንበስ ብለው።

«ሣሩ ውስጥ ይገባሉ።»

«መሸሸጊያ ነዋ።» ቀና አሉ። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

ማንም እንዳላስተማረኝ፣ ዐይኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያለ አስተማሪ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ የባሰ እንደሚያስጠረጥር ፊታቸው ላይ አየሁት።

ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። ፍተሻ ሳይመጣብኝ ሽንት ቤት ሊደፉልኝ እንደሚችሉ፣ የሚስታቸው ወንድም መቼም ወንድማቸው እንደሆነ ተናገሩ። ሳፋውን በሁለት እጃቸው አነሱ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት፣ እግራቸውን እየለኩ መራመድ ጀመሩ።

ሊደፋ የሚሄድ ሰው ውሃው እንዳይፈስ አይጠነቀቅም። ሽንት ቤቱ ደግሞ በጓሮ በር ነበር።

እህቴ ምስሩን አስቀምጣ ተነሳች። ወደ ቀበሌው የሚያወጣውን የመንገዱን በር ከፈተችላቸው። ወጡ፤ ቀና ብላ ሳታየኝ ዘጋችው።