መጀመሪያ ክላክሱን

ማኖንግ ፓንዮ ዘንድ የመኪና ኤሲ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክላክስ ይነፋበታል። ሰላምታ እንኳን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለመኪናው «ኧረ እኔ የመጣሁት ኤሲው አልበርድ ብሎኝ ነው» እያለ፣ እሱ በመስኮት እጁን ሰዶ የመሪውን መሀል ይጫናል፤ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ምግብ ቤቴ ከጋራዡ ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ ድስቶቼ ሳይቀሩ ይደነግጣሉ። ደንበኞቼም የባቾይ ሾርባቸውን ልብሳቸው ላይ እየደፉ «ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው?» ይሉኛል። ምን እንደነካው የማውቀው እኔ ነኝና ልንገራችሁ። ከዚህ በኋላ ግን «እብድ ነው» የሚል ሰው ሾርባዬን አይጠጣም።

ሙሉ ስሙ ኤፒፋንዮ ነው፤ «ማኖንግ» እንደ ጋሼ፣ «ማናንግ» እንደ እትዬ የምንጠራራበት የአክብሮት ቃል ነው። እዚህ ሲላይ፣ ሸንኮራና ሙቀት በማያልቅበት አገር፣ የመኪና መብራትና ኤሲ ሲሠራ ፀጉሩ ሸበተ። ሌላው ኤሌክትሪሺያን መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከፍቶ ጋዝ ይሞላል፤ ሳይበርድ ሲቀር ደግሞ ሌላ ጋዝ ይሞላል። ፓንዮ ግን መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሚያቀርበው። ሞተሩን አስነስቶ የኤሲውን ማብሪያ ይጫንና ሁለት ድምፅ ይጠብቃል፤ አንዷ ከፊውዝ ሳጥኑ የምትወጣ ቀጭን «ቀጭ»፣ ሌላው ከኮምፕረሰሩ የሚመጣ ወፈር ያለ «ጠቅ»። የመጀመሪያዋ ካልተሰማች ሪሌዋን ይጠረጥራል። እሷ ተሰምታ ሁለተኛው ከቀረ ወይ ሽቦው ነው ወይ ኮምፕረሰሩ ራሱ። ሁለቱም ተሰምተው ካልበረደ ያኔ ስለ ጋዝ ይታሰባል። «ብርድ የሚጀምረው ከድምፅ ነው» ይል ነበር።

ሪሌ ምን እንደሆነች ስጠይቀውም አልሰለቸም። «የበር ዘበኛ ናት፣ ማናንግ ፓሲንግ። አንቺ በትንሽ ጣትሽ ትነኪያታለሽ፣ እሷ ትልቁን በር ትከፍታለች። ዘበኛዋ ከተኛች ጌታው ቤት ቢኖርም ማንም አይገባም።»

«እንግዲያው የኔ ባል ሪሌው ከተቃጠለ ቆይቷል» ስለው፣ ሚስቱ ሊሳ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ሊሳ። ፌሊሳ ነው ስሟ፤ ፌሊሳ ብሎ የጠራት ግን ቄሱ ብቻ ነው። አሮጌዋን መኪናቸውን እየነዳች ከከተማ መለዋወጫ የምታመጣለት እሷ ነበረች። ክላክስ ሳትነፋ በበሬ አልፋ አታውቅም። ሁለቴ «ጲጵ ጲጵ» አድርጋ ትሄዳለች፤ ጠዋት ስትወጣም፣ ማታ ስትገባም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮዬን!» ብዬ በጭልፋ እዝትባት ነበር።

«ካልነፋሁልሽ መኖሬን በምን ታውቂያለሽ?» ትለኛለች።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ የሰው ሁሉ መኪና ሲበርድ የሊሳ መኪና ወረፋ ትጠብቅ ነበር። «ነገ» ይላታል ፓንዮ። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው መኪና ይመጣል። አኩርፋ አታውቅም፤ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ፀጉሯን ነፋስ እየበተነው ትነዳለች።

ያ ነገር የሆነው በሕማማት ሳምንት ነው። የሊሳ እናት ሎላ ኡርባና ልቧን ያማታል፤ ያም ሆኖ በስቅለት ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ካልተሳለመች ዓመቱ አይነጋላትም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሙቀቱ ራሷን ስታ፣ መቅደስ በር ላይ ወድቃ አንስተናታል። ስለዚህ ሊሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን «ኤሲውን ካልሠራህልኝ አልለቅህም» አለችው። «ለእኔ አይደለም፣ ለእማዬ ነው። ዘንድሮ በብርድ ውስጥ ነው የምወስዳት።»

ፓንዮ ሐሙስ ማታ ጆሮውን አቀረበ። «ቀጭ» የለም። የኤሲዋ ሪሌ ተቃጥላለች። እንደዚያ ዓይነቷን የመጨረሻዋን ሪሌ ረቡዕ ዕለት ለአንድ የጂፕኒ ታክሲ ሹፌር ሰጥቶ ነበር፤ ሰውየው ለበዓሉ ልጆቹ ጋ ለመድረስ ቸኩሎ አሳዘነው። የመለዋወጫ ሱቆቹ ደግሞ ሁሉም ዘግተዋል።

እኛ ዘንድ በስቅለት መዶሻ አይነሳም፣ መፍቻ አይነካም። ጌታ ሞቷልና መጮህ ነውር ነው፤ ልጅ እንኳን ከሳቀ ይቆነጠጣል። በዚያ ቀን የቆሰለ ሰው ቁስሉ አይሽርም ይላሉ ትልልቆቹ። ጠዋት የኮኮናት ገንፎ ላደርስላቸው ስሄድ ፓንዮ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት።

«ማኖንግ! በስቅለት? እጅህ ሲቆረጥ ታየዋለህ!»

«መፍቻ ይዣለሁ? እስቲ እዪ!» ብሎ ባዶ እጁን ዘረጋልኝ። «በጣቴ ነው። የክላክሷን ሪሌ ነቅዬ ለኤሲው እሰጠዋለሁ። መንታ ናቸው፣ አንዷ የሌላዋን ሥራ ትሠራለች። እሑድ ካለፈ በኋላ አዲስ ገዝቼ የክላክሷን እመልሳለሁ።»

«እስከዚያ ክላክሱስ?»

«ጌታ በሞተበት ቀን ማን ክላክስ ይነፋል?»

ልክ ነበር እኮ። በዚያ ቀን ክላክስ የነፋ ሰው የመንደሩ አሮጊት ሁሉ ነው የሚረግመው። ሊሳም «አንድ ቀን ዝም ብል ሲላይ ታርፋለች» ብላ ሳቀች፤ ሳቋንም ቶሎ በእጇ ከደነችው፣ ቀኑ ነውና።

ሪሌዋን ሰካት። ቀጭ። ጠቅ። ፓንዮ የእጁን ጀርባ ብርዱ ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አድርጎ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ የአማቱን እጅ ይዞ እዚያው አስቀመጠላት። «እማ፣ ይኸው፣ የበረዶ አገር ወሰድኩሽ።» ሊሳ የቀዘቀዘ እጇን ከኋላው መጥታ ማጅራቱ ላይ ለጠፈችበትና ዘለለ። ከዚያ ብርዱ እንዳይወጣ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው እናትና ልጅ ሄዱ። በበሬ ሲያልፉ ሊሳ ልማድ ሆኖባት ክላክሱን ተጫነች። ድምፅ የለም። ትዝ ሲላት በመስታወቱ ውስጥ ሳቀችልኝና እጇን አወዛወዘች።

ወደ ኮረብታው ቤተ ክርስቲያን በሚወጣው ጠባብ መንገድ ላይ ሸንኮራ የጫነ መኪና ከፊታቸው ቆሞ ነበር። በስቅለት ምን እንደሚሠራ እግዜር ይወቀው፤ ከሐሙስ የተረፈ ጭነት ነው አሉ። ሊሳ ከኋላው ቆመች። ከእሷ ኋላ መስቀል የተሸከሙ፣ ሻማ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። የጭነቱ ሹፌር ፍሬን ለቅቆ ማርሽ እስኪያስገባ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ቀስ ብሎ ነበር አሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ። ሊሳ ወደ ኋላ ብትል ሕዝቡ ላይ ልትወጣ ነው። ወደ ጎን ገደል ነው። ብትጮህ መስኮቱ ዝግ ነው። ሹፌሩ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ እያለቀሰ «ክላክስ ብሰማ ኖሮ ወዲያው ፍሬን እይዝ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም» አለ። ከመኪናው ጭራ ያለፈው የሸንኮራ እስር በፊት መስታወቱ ገባ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አልናገረውም፣ አታስገድዱኝ።

ከኋላ ወንበር የነበረችው ሎላ ኡርባና አንድ ጭረት አልነካትም። እንደ ልማዳችን የሊሳ አስከሬን ሳይቀበር ቤት ውስጥ ባደረባቸው ቀናት ለመጣው ሰው ሁሉ ታወራ ነበር። ፓንዮ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንግዳ ይቀበላል፤ እስከዚያ ድረስ የጭነት መኪና ገደላት ብሎ ብቻ ነበር የሚያስበው። ሎላ ለቄሱ ስትነግር ሰማናት።

«መሪውን በሁለት እጇ ስትጫን አየኋት፣ አባቴ። ትጫናለች፣ ትጫናለች። ድምፅ የለም። እኔማ ቀኑን አክብራ የምትጸልይ መሰለኝ!»

ፓንዮን አየሁት። ምነው ባላየሁት። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ፣ እሱ የተዘረጋለትን እጅ አላየውም። ተነስቶ ወጣ፤ ከጋራዡ በስተጀርባ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አገኘሁት።

«ለእናቷ ብርድ ነው የሰጠሃት» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? «ስለወደድካት ነው ያደረግከው።»

«ድምጿን ቀምቼ ነው ብርድ የሰጠኋት» አለ።

ክላክሱ ለምን እንዳልጮኸ ሎላ እስክትሞት ድረስ አልነገርናትም። ቁስሉ አይሽርም ሲሉ ለልጅ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አምኛለሁ።

ፖሊሶቹ መኪናዋን ሲለቁ ፓንዮ አስጎትቶ አመጣትና ከጋራዡ ጀርባ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አቆማት። ብረት ገዢዎች መጡ፤ መፍቻ ወርውሮ አባረራቸው። ሐረግ በቀለባት፣ ዶሮዎቼ ገብተው እንቁላል ጣሉባት። ዓመታት አለፉ፣ አንድ ቀን እንኳን ኮፈኗን አልከፈተም። የሰው መኪና ሲመጣ ግን መጀመሪያ ክላክሱን።

ባለፈው የሙቀት ወር ሮዌና የምትባል ወጣት አስተማሪ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ በላብ ርሷል፣ መኪናዋ የሊሳን መኪና የምታህል አሮጌ ናት። «ማኖንግ፣ ኤሲው ይሠራል፣ ግን እየደከመ ነው» አለች። ፓንዮ እጁን በመስኮት ሰደደ። ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ።

«ክላክሱ የት ሄደ?»

«እሱማ ተነቅሎ ነው» አለች እየሳቀች። «የኤሲው ሪሌ ተቃጥሎ፣ የፊተኛው መካኒክ የክላክሱን አዛወረልኝ። ለአንቺ ሁኔታ ዋናው ብርዱ ነው አለኝ። ደግሞስ እኔ በማን ላይ ልነፋ!»

ፓንዮ የመኪናውን በር ጨብጦ ቆመ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ውረጂ።»

«ምነው?»

«ውረጂ ብያለሁ!» ሰው ላይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቁልፉን ነጥቆ ወደ መደርደሪያው ሮጠ፣ ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ገለበጠ። የእሷ መኪና የምትፈልገው ያ የድሮው ዓይነት ሪሌ ግን እዚያ አልተገኘም። «ሰኞ ይመጣል። መኪናዋን እዚህ ትተሽ ሂጂ።»

«ነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ እኮ! ይህን ሆድ ይዤ ጂፕኒ ላይ ልጋፋ?» እንባዋ መጣ። «ካልሠሩልኝ ይቅር፣ ቁልፌን ይስጡኝ።»

እጇን ዘረጋች። ፓንዮ ቁልፉን ጨብጦ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሆዷን፣ አንዴ ወደ ጓሮው አየ። ከዚያ ሄደ። ተከተልኩት።

ሐረጉን በእጁ በጣጠሰው። ዶሮዎቼ እየጮሁ ወጡ። የተጣመመውን ኮፈን በሁለት እጁ ታግሎ አነሳው። ውስጡ ቅጠልና አቧራ ነው፤ ሪሌዋ ግን በዚያ ጠዋት እሱ በሰካት ቦታ፣ በብርዱ ቦታ፣ እንዳለች አለች። አጠገቧ ያለው የክላክሱ ቀዳዳ ባዶ ነው።

«ሊሳ» አለ፣ ጓዳ ያለች ይመስል በዝግታ። «ይቺን ልውሰዳት?»

እኔ ሽንኩርት እንኳን የማያስለቅሰኝ ሴት ነኝ። ፊቴን በሽርጤ ሸፈንኩ።

ነቀላት። የዛገ እግሯን በጥፍሩ ፋቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ በአፉ እፍ አለባት። «የክላክስ ነበረች፣ ወደ ክላክስ ትመለስ» አለና በልጅቷ መኪና ባዶው ቀዳዳ ላይ ሰካት። «ግቢና ንፊ።»

ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ነካ አደረገችው። ጲጵ አለ።

«ቆይ!» አለና ወደ መንገዱ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ፣ ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ ከፊት እንደቆመ ጭነት መኪና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳይዞር ጮኸ። «አሁን ንፊ! ረጅም!»

ነፋች። ድስቶቼ ተንጫጩ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደሆነ ወጣ፣ ሰው ሁሉ በር በሩ ላይ ቆመ። ፓንዮ ጀርባውን እንደሰጠን አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ይሰማል!» አለ። «ይሰማል፣ ሊሳ! ይሰማል!»

ልጅቷ እጇን ከመሪው አነሳችና ወደ እኔ ዞረች። «ማናንግ፣ ሊሳ ማን ናት?»

«አታቁሚ» አልኳት። «ዝም ብለሽ ንፊ።»